የወርቅ ፋብሪካ ሪከቨሪን በትክክል ለመለካት፦ የቱ ላቦራቶሪ፣ የቱ መሣሪያ ይሻላል?

ጥያቄ፦ አሶሳ አካባቢ በቀን 500 ቶን በሚፈጭ የወርቅ ፋብሪካ እሠራለሁ። በወረቀት ሪከቨሪያችን (ከማዕድኑ ውስጥ ካለው ወርቅ አውጥተን የምናገኘው ድርሻ) 90 በመቶ ነው፤ ወርቁ የሚቀልጥበት ወርቅ ክፍል ግን ያን ያህል አያስረክብም። አለቆቼ ላቦራቶሪ እንቀይር ይላሉ። የቱን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የዝቃጩ (ወርቁ ከወጣለት በኋላ የሚጣለው ጭቃ) ናሙና እንዴት እንደሚቀዳ ሄደህ ተመልከት። ብዙ ቦታ የፈረቃው ሠራተኛ ከቦዩ ዳር በጣሳ ጨልፎ ይሄዳል። ሻካራው አሸዋ ከሥር ስለሚፈስ ጣሳው የሚያነሣው ላይ ላዩን ደቃቁን ነው። ወደ ፋብሪካው የሚገባው ማዕድን ወርቁ በቶን 2 ግራም፣ ዝቃጩ 0.20 ከሆነ ሪከቨሪው 90 ነው። የዝቃጩ እውነተኛ ልክ 0.30 ከሆነ ግን 85 ይሆናል፤ ለእናንተ በቀን 50 ግራም ወርቅ ማለት ነው።

ስለዚህ ገንዘቡን መጀመሪያ ናሙና መቁረጫ ላይ አውሉት። በሞተር የሚሠራው ይመረጣል፤ የውጭ ምንዛሪ እስኪገኝ ጎበዝ በያጅ ከማይዝግ ብረት የእጅ መቁረጫ ይሠራላችኋል። አፉ ከትልቁ ቅንጣት ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይስፋ፣ ከ10 ሚሊ ሜትርም አይነስ። ሙሉውን ፍሰት ከዳር እስከ ዳር፣ በእኩል ፍጥነት፣ በሰከንድ ከ0.6 ሜትር ሳይበልጥ ያቋርጥ። ናሙናው ወዲያው ተጣርቶ ይታጠብ፤ ባልዲ ውስጥ ካደረ በውስጡ ያለው ሳያናይድ የተባለ ኬሚካል ወርቁን ማሟሟቱን አያቆምም።

ለዕለት ሥራ ከራስ ላቦራቶሪ የሚሻል የለም፤ ውጤቱ ፈረቃው ሳያልቅ ይደርሳል። ለማመሳከሪያ አዲስ አበባ ያለውን የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት ላቦራቶሪ ጠይቁ። የውጭውን ለክርክር አቆዩት። የትም ላኩ የት፣ እንደ ኦሪያስ ወይም ሮክላብስ ያለ ልኩ የተመሰከረለት ናሙና ከናሙናዎቻችሁ መካከል ሳትናገሩ አስገቡበት፤ ልኩም ለዝቃጩ የቀረበ ይሁን። በእጅ የሚያዘውን ኤክስአርኤፍ (በኤክስሬይ የሚለካ መሣሪያ) ለዚህ ሥራ አትግዙ። በቶን 2 ግራም ወርቅ አያይም፤ አርሰኒክና ዚንክም ያሳስቱታል።

ጥያቄ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። የቀበቶ ሚዛኑንስ (ማዕድኑን በማጓጓዣ ቀበቶ ላይ እያለ የሚመዝነውን) እንመን?

መልስ፦ ባዶ ቀበቶ ላይ ዜሮ ማንበቡን በየጊዜው እያረጋገጣችሁ። እርጥበቱንም አትርሱ፤ 8 በመቶ ውሃ ያለው 100 ቶን ማዕድን ደረቁ 92 ነው። ብሔራዊ ባንክ የተረከባችሁን ንጹሕ ወርቅ በየወሩ ከስሌታችሁ ጋር አስተያዩ፤ ወርቁን በሚይዘው ካርቦንና በታንኮቹ ውስጥ የቀረውን ሳትቆጥሩ ግን ማንንም አትክሰሱ።