ልዩ ድጋፍ የሚያገኙ ተማሪዎች ቁጥር በየትምህርት ቤቱ ይፋ ይሁን? የሐዋሳ ወላጆችና መምህራን ክርክር

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይኸው። ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ የሚሞሉት ቅጽ አለ። ማየት የተሳነው ስንት፣ መስማት የተሳነው ስንት፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ስንት ተማሪ እንዳለ ይጠየቅበታል። ቁጥሩ እየተደመረ ወደ ላይ ይሄድና በትምህርት ሚኒስቴር ዓመታዊ የስታቲስቲክስ መጽሐፍ ላይ በክልል ተጠቃሎ ይወጣል። ሐዋሳ ላይ ግን በየትምህርት ቤቱ ተለይቶ፣ ከሚሰጠው ድጋፍ ጋር፣ ለሕዝብ ይፋ ይሁን ወይስ አይሁን? ስድብ የለም። የልጅም የትምህርት ቤትም ስም አይጠራ።

የአቶቴ እናት፦ ይሁን እንጂ! ልጄ ኦቲዝም አለበት። ትምህርት ቤት ስፈልግለት አንዱ «ባለሙያ የለንም» አለኝ። ሌላው «ክፍል ሞልቷል» አለ። ሦስተኛው ልጁን አየት አደረገና «እስቲ እንደዋወላለን» ብሎ ሸኘኝ። እስካሁን አልደወለም። የልዩ ፍላጎት መምህር የት እንዳለ የሰማሁት ለቅሶ ቤት አጠገቤ ከተቀመጠች ሴትዮ ነው። መሥሪያ ቤቱ በቅጽ ሰብስቦ የያዘውን ነገር እኔ ለቅሶ ቤት ላገኘው ይገባል?

ባለጠመኔው፦ እህቴ፣ ችግርሽ ይገባኛል። ግን አስተምራለሁና አይሆንም እላለሁ። ማየት የተሳናት ልጅ ብትኖር ሁሉም ያያታል፣ የሚደበቅ ነገር የለም። የማይታየውስ? ሰሌዳ ላይ «የአእምሮ እድገት ውስንነት፦ 1» ብለህ ለጥፍ። በማግስቱ ልጆቹ ማን እንደሆነ ማደን ይጀምራሉ። ካጡ ደግሞ ራሳቸው አንዱን ይመርጣሉ። ቅጽል ስም ለማውጣት የሰፈር ልጅን ማን ይችለዋል?

የማስተርስ ተማሪ፦ መምህር፣ ላነሱት ነገር መላ ተበጅቶለታል። አሜሪካ እያንዳንዱ ግዛት ልዩ ትምህርት የሚያገኙ ልጆችን በየዓመቱ ቆጥሮ ማሳወቅ አለበት። ግዴታው የሕግ ነው። የሕጉ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ነው። በጉዳት ዓይነት፣ በዕድሜ፣ በዘር፣ በመደበኛ ክፍል ይማራሉ ወይስ ተለይተው እየተባለ ይዘረዘራል። ትንንሽ ቁጥር ግን አይታተምም። ወሰን አለ፤ ለምሳሌ ከ10 ካነሰ በቁጥሩ ቦታ ኮከብ ይቀመጣል። ወሰኑ እንደየቦታው ይለያያል።

ኮከቡም ብቻውን አይበቃም። ጠቅላላው 41 ነው እንበል። መስማት የተሳናቸው 15፣ የአካል ጉዳት 24። የቀረው በኮከብ ተደብቋል። ቀንሱት፤ 2 ይመጣል። ተደበቀ የተባለው ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ ሌላ አንድ ቁጥርም አብሮ መደበቅ አለበት፣ ወይም ድምሩ ራሱ አይውጣ።

ባለጠመኔው፦ ጥሩ። እዚህ ከ10 በታች የሆነውን ሁሉ ከደበቅክ ምን ይቀርልሃል? ወረቀቱ ሰማይ ነው የሚመስለው፣ ኮከብ በኮከብ።

የማስተርስ ተማሪ፦ 😄 እውነት ነው። ለዚያ ነው በክፍለ ከተማ ይሁን የምለው።

የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ ሠራተኛ፦ በግልጽ ልናገር። እኛ ዘንድ ይህ ከተለጠፈ ወላጅ ይሸሻል። «ልጄ ከእነሱ ጋር አይማርም» የሚል አለ። ክፍያው ከሌለ ደሞዝ የለም።

የአቶቴ እናት፦ «ከእነሱ»? እነሱ እነማን ናቸው?

የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ ሠራተኛ፦ የወላጆቹን ቃል ነው የጠቀስኩት፣ የእኔ አይደለም።

አወያይ፦ ተረጋጉ።

ጡረተኛው ሱፐርቫይዘር፦ ልጆቼ፣ ስለመለጠፉ ትጨቃጨቃላችሁ እንጂ ቁጥሩ ራሱ እንዴት እንደሚሞላ ማንም አልጠየቀም። እኔ ብዙ ቅጽ ሰብስቤአለሁ። መምህሩ ክፍሉን በዓይኑ ይቃኛል። በትር የያዘ አለ? ዊልቸር ያለው አለ? በቃ። በአንድ ጆሮው ብቻ የሚሰማው ልጅ ኋላ ተቀምጦ «ሰነፍ» ተብሎ ይኖራል። ቅጹ ላይ የለም።

የ1999ኙን የሕዝብ ቆጠራ አስታውሱ። አካል ጉዳተኛ ተብሎ የተመዘገበው ከሕዝቡ 1 በመቶ ትንሽ ቢበልጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ሪፖርት ከዓለም ሕዝብ 15 በመቶ ያህሉ ጉዳት አለበት ይላል። ኢትዮጵያ ጤነኛ ስለሆነች ይመስላችኋል? አጠያየቁ ነው። «በቤቱ አካል ጉዳተኛ አለ?» ስትለው ሰው ያፍራል፣ የለም ይልሃል። «መነጽር አድርጎም ቢሆን ማየት ይቸግረዋል? ደረጃ መውጣትስ?» ብለህ ስትጠይቀው ይነግርሃል። ስለ አካል ጉዳት አቆጣጠር የሚሠራው የዋሽንግተን ቡድን ጥያቄዎች የሚባሉት እንዲህ ነው የሚጠይቁት፤ ለልጆችም ለብቻ ተዘጋጅቷል።

አሁን ያለውን ቁጥር ብትለጥፉት ምን ይሆናል? ልጆቹን ፈልጎ ያገኘው ርዕሰ መምህር «ችግር የበዛበት» ይባላል። ያልፈለገው ዜሮ ጽፎ ይመሰገናል።

ከሂዩስተን (የፒያሳ ልጅ)፦ ጋሼ ያሉት ቴክሳስ ላይ በተግባር ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2004 የግዛቱ የትምህርት ኤጀንሲ የትምህርት ወረዳዎችን የሚመዝንበት መለኪያ አወጣ። ልዩ ትምህርት የሚያገኙት ልጆች ከ8.5 በመቶ ካልበለጡ ጥሩ ነጥብ ታገኛለህ። ከበለጡ ትጠየቃለህ። ያኔ የግዛቱ ቁጥር ወደ 12 በመቶ ይጠጋ ነበር። ወረደ፣ ወረደ፣ 8.5 አካባቢ ሲደርስ ቆመ። ልጆቹ ድነው አይደለም። ትምህርት ቤቶች ምርመራውን እያዘገዩ፣ ወላጅን እየመለሱ ነው። የአገሪቱ አማካይ 13 በመቶ ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ሂዩስተን ክሮኒክል ጋዜጣ አጋለጠው። በዓመቱ የግዛቱ ምክር ቤት እንዲህ ያለውን ጣሪያ በሕግ ከለከለ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ የፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት ቴክሳስ ሕግ ጥሳለች አለ።

ባለጠመኔው፦ ይኸው! ቁጥር መመዘኛ ሲሆን ልጅ ይጠፋል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?

የአቶቴ እናት፦ እኔ ደግሞ ተቃራኒውን ነው ያነበብኩት መምህር። ጋዜጣው በምን አወቀ? ቁጥሩ ይፋ ስለነበረ አይደል? የቴክሳስን ከሌላው ግዛት ጋር አስተያየና «እንዴት ባንድ ጊዜ ወረደ?» ብሎ ጠየቀ። እዚህ ቢሆን ማን ያውቃል?

ከሂዩስተን (የፒያሳ ልጅ)፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብል እንዳትስቁብኝ። ልጆቹን የጎዳው ጣሪያው ነው። ያጋለጠው ደግሞ ቁጥሩ ነው። ጋዜጠኞቹ ግን ቁጥሩን ብቻ አይደለም ያዩት፣ ወላጆችንና መምህራንን ቤት ለቤት አነጋግረዋል።

ጡረተኛው ሱፐርቫይዘር፦ እኛ ዘንድ ጣሪያ አያስፈልግም። ዝምታው ራሱ ይበቃል።

ሕግ ያጠናው፦ ባጭሩ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። አንቀጽ 29 ደግሞ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ነገርን ይዟል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም አለ። የጤና መረጃ በተለይ ጥብቅ ነው። ስም የሌለው ድምር በዚህ አዋጅ አይከለከልም ባይ ነኝ። ሰውየውን የሚያሳብቅ ድምር ከሆነ ግን ሌላ ነው።

መስማት የተሳነው አባት፦ እኔም ልጄም መስማት የተሳነን ነን። «እንዳያፍሩ እንደብቃቸው» የምትሉ፣ ማን ነው ያፈረው? እኔ አላፈርኩም። ልጄ እስከ 4ኛ ክፍል በምልክት ቋንቋ ተማረ። 5ኛ ሲገባ መደበኛ ክፍል ተቀላቀለ፣ አስተርጓሚ ግን የለም። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ያወራል። ልጄ የመምህሩን ጀርባ እያየ ይውላል። ቅጹ ላይ ግን «አካቶ ትምህርት እያገኘ ያለ፦ 1» ተብሎ ተቆጥሯል፤ ከሌሎች ልጆች ጋር አብሮ ይማራል ማለታቸው ነው። እንግዲህ ይህ ቁጥር ለሕዝብ ቢወጣ «ጎበዞች» ተብሎ ይጨበጨብላቸዋል።

ስለዚህ ልጄን አትቁጠሩት ሳይሆን አስተርጓሚውን ቁጠሩ ነው የምለው።

ባለ ባጃጁ፦ ይህ ሰው ልክ ነው! እኔ ዊልቸር ያላትን ተማሪ አመላልሳለሁ። በሩ ጋ አውርደን ዘበኛውና እኔ ተሸክመን ነው ደረጃውን የምናወጣት። ዘበኛው ከሌለ ወላሂ ጭንቅ ነው። መወጣጫ ያለው ትምህርት ቤት የቱ እንደሆነ ጻፉልን፣ ሌላው ይቆይ።

የማስተርስ ተማሪ፦ እንግዲህ እንዲህ እንበል። በትምህርት ቤት ደረጃ የሚወጣው ስለ ልጆቹ ሳይሆን ስለ ድጋፉ ይሁን። የሠለጠነ የልዩ ፍላጎት መምህር አለ ወይ? አስተርጓሚስ? ብሬይል መጽሐፍ አለ? መወጣጫ፣ የሚገባበት ሽንት ቤት? የድጋፍ ማዕከሉ በሳምንት ስንት ቀን ይከፈታል? ይህ የማንንም ልጅ አያጋልጥም። የልጆቹ ቁጥር ደግሞ በክፍለ ከተማ ተጠቃሎ፣ ትንንሹ ተደብቆ ይውጣ።

ባለጠመኔው፦ ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን «የድጋፍ ማዕከል አለ» ማለትና መኖሩ ይለያያል። ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ ኪስ ውስጥ የሆነ፣ የብሬይል ማተሚያው ወረቀት አጥቶ አቧራ የለበሰበት ክፍልም «አለ» ይባላል። ማን ያረጋግጣል?

የአቶቴ እናት፦ የወላጅ መምህር ኅብረቱ ሄዶ ይይ። በሩን ማንኳኳት ምን ይከብዳል?

ባለጠመኔው፦ ሌላም አለ። አንድ ትምህርት ቤት ባለሙያ እንዳለው ከተለጠፈ የከተማው ልጅ ሁሉ እዚያ ይመጣል። ያቺው አንዲት መምህርት ናት። የቀሩት ትምህርት ቤቶች «እዚያ ሂዱ» ለማለት ጥሩ ሰበብ ያገኛሉ። ያ ደግሞ አካቶ አይባልም።

የአቶቴ እናት፦ ይሙላ! ከሞላ «ሁለተኛ መምህር ቅጠሩልን፣ ይኸው ይህን ያህል ልጅ አለ» ብለን እንጠይቃለን። አሁን በምን አፋችን እንጠይቅ?

ባለጠመኔው፦ «ይህን ያህል ልጅ» ስትዪ የዚያን ትምህርት ቤት ቁጥር እኮ ነው የምትጠሪው። አሁን በክፍለ ከተማ ይሁን ተባብለን አልነበር?

የአቶቴ እናት፦ ቁጥሩ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ይሰጥ፣ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍ።

ጡረተኛው ሱፐርቫይዘር፦ ለጽሕፈት ቤቱማ ድሮም ይሰጣል ልጄ።