በሊኑክስ ስሪቶች መካከል የታየን የፍጥነት መቀነስ ወደ ትክክለኛው ኮሚት ማድረስ

የሰርቨር ተረኛ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሰርቨሮቻችንን ከሊኑክስ 6.1 ወደ 6.6 ካሳደግን ወዲህ፣ ትናንሽ ፋይሎችን ያለማቋረጥ የሚከፍትና የሚዘጋ ፕሮግራማችን ከ5 እስከ 8 በመቶ ዘግይቷል። መንስኤውን በጊት ባይሴክት (የኮሚቶቹን፣ ማለትም በኮዱ ላይ የተመዘገቡትን ለውጦች፣ ዝርዝር ደጋግሞ ለሁለት እየከፈለ ጥፋተኛውን በሚፈልግ መሣሪያ) እየፈለግሁ ነው፤ ሆኖም ፍለጋውን በደገምኩት ቁጥር የሚደርስበት ኮሚት ይለያያል፤ ባለፈው ደግሞ በማሽኖቻችን ላይ ጨርሶ በሌለ የድምፅ ካርድ ድራይቨር ላይ ጣቱን ቀሰረ። ችግሩ ከአለካኬ ነው ወይስ ከአፈላለጌ?

ባይሴክተር፦
ከአለካክዎ ይመስለኛል። በሁለቱ ስሪቶች መካከል ከ60 ሺህ በላይ ኮሚቶች ስላሉ ባይሴክት 16 ጊዜ ያህል «ደህና» ወይም «መጥፎ» የሚል ፍርድ ይጠይቅዎታል። እያንዳንዱ ፍርድ 95 በመቶ አስተማማኝ ቢሆን እንኳ ሁሉም ሳይሳሳቱ የሚያልፉበት ዕድል 44 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ አንዱ ከተሳተ ደግሞ ፍለጋው ጥፋተኛው በሌለበት ግማሽ ውስጥ ይቀራል። የድምፅ ካርዱ ድራይቨር ያለ ኃጢአቱ የተከሰሰው በዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ ከማናቸውም ፍለጋ በፊት 6.1ን ብቻ ደጋግመው እያስነሱ ይለኩ። ማሽኑን ሳያስነሱ ልኬቱን መደጋገም አይበቃም፤ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) በተነሳ ቁጥር በማህደረ ትውስታ ላይ የሚያርፍበት አድራሻ ስለሚለዋወጥ ፍጥነቱም አብሮ ሊለዋወጥ ይችላል። የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚወስነውን ገቨርነር ፐርፎርማንስ ላይ ያድርጉት፣ ፍጥነቱን ለጊዜው ከፍ የሚያደርገውን ቱርቦ ያጥፉ፣ ፕሮግራሙም በታስክሴት ትእዛዝ በተመረጡ የፕሮሰሰሩ ኮሮች ላይ ብቻ እንዲሠራ ያድርጉ። ከርነሎቹን ሁሉ በአንድ ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ በሚቀይር ፕሮግራም) እና በተቻለ መጠን በተመሳሳይ ኮንፊግ (የግንባታ ምርጫዎች) ይገንቡ። ይህ ሁሉ ተደርጎ የ6.1 ውጤቶች እርስ በርሳቸው በ4 በመቶ የሚራራቁ ከሆነ፣ የ5 በመቶ ልዩነትን በአንድ ልኬት መፍረድ ከንቱ ድካም ነው።

ማለዳ፦
የተባለው እንዳለ ሆኖ፣ እኔ በቅድሚያ የማጣራው የደኅንነት መከላከያዎቹን ነው። ፋይል መክፈትና መዝጋት ሲስተም ኮል (ፕሮግራሙ ለከርነሉ የሚያቀርበውን ጥያቄ) ያበዛል፤ በ2018 ሜልትዳውንና ስፔክተር የተባሉት የፕሮሰሰር የደኅንነት ክፍተቶች ይፋ ከሆኑ ወዲህ ከገቡት መከላከያዎች ብዙዎቹ ጊዜ የሚወስዱት ከፕሮግራሙ ወደ ከርነሉ በሚደረገው በዚሁ መሸጋገሪያ ላይ ነው። በሙከራ ማሽን ላይ (በሥራ ሰርቨር ላይ ፈጽሞ አይሞከርም) ሁለቱንም ስሪቶች መከላከያዎቹን አጥፍተው ያስነሷቸውና ልዩነቱ ይጠፋ እንደሆነ ይመልከቱ። በተጨማሪም 6.6 የቀድሞውን ሲኤፍኤስ ስኬጁለር (የትኛው ፕሮግራም መቼ እንደሚሠራ የሚወስነውን ክፍል) ኢኢቪዲኤፍ በተባለው የተካ ስሪት በመሆኑ፣ 6.5ን አስቀድሞ መለካት ጥርጣሬውን ቶሎ ያጠብባል።

የሰርቨር ተረኛ፦
አመሰግናለሁ። ኮሚቱ በመጨረሻ ቢገኝስ ለማን ነው የሚቀርበው?

ባይሴክተር፦
መጀመሪያ ያንን ኮሚት ብቻ ከአዲሱ ከርነል ላይ በሪቨርት (ለውጡን በመቀልበስ) አውጥተው ይለኩ። ፍጥነቱ ቢመለስም ወዲያው አይፍረዱ፤ አንድ ፓች (የኮድ ለውጥ) ምንም ሳያበላሽ፣ የሌሎች ፈንክሽኖችን አድራሻ ከ64 ባይቱ የካሽ (የፕሮሰሰሩ ፈጣን ጊዜያዊ ማከማቻ) መስመር አንጻር ስላዛነፈ ብቻ ውጤቱን ሊለውጥ ይችላል። በፐርፍ ስታት (የፕሮሰሰሩን ሥራ በሚቆጥር መሣሪያ) ሲታይ የኢንስትራክሽኖቹ ብዛት ሳይለወጥ የካሽ ስህተት (የተፈለገው ነገር በካሹ ውስጥ አለመገኘት) ብቻ ከጨመረ ይህን ይጠርጥሩ።

ሪፖርቱ ለኮሚቱ ጸሐፊና ለክፍሉ ሜንቴነር (ኃላፊ) ይላካል፤ የሪግሬሽን (በአዲስ ስሪት የመጣ ብልሽት) ሜይሊንግ ሊስቱም በግልባጭ ይደረግ፣ ሪግሬሽኖችን የሚከታተለው ሬግዝቦት የተባለው ፕሮግራም እንዲከታተለው። የከርነሉ ሰነድ በማይክሮ ቤንችማርክ (አንድ ጠባብ ተግባርን ብቻ በሚለካ ሙከራ) ላይ ብቻ የታየ የ5 በመቶ መዘግየት፣ ሰፊ ቤንችማርክን ከ1 በመቶ በላይ ካልጎዳ በስተቀር፣ እንደ ሪግሬሽን የመታየት ዕድሉ አነስተኛ መሆኑን ይገልጻል። ስለሆነም ፋይል ከፍቶ የሚዘጋ ትንሽ መሞከሪያ ብቻ ከመላክ፣ የዋናውን ፕሮግራም ልኬት ከነመዋዠቁ ያስቀድሙ።