ለቦቃ የተስማማንባቸው ሦስት ቃላት

እህቴ፣ «ጅማ ጠቅልዬ ከገባሁ በኋላ ቡችላ ላሳድግ ብል አበድሽ ትሉኛላችሁ?» ብለሽ ነበር። አንልሽም። እኔ ከጀርመኗ ሽቱትጋርት ስመለስ የሚነግረኝ ሰው ስላልነበረ፣ ያየሁትን ላጫውትሽ።

ቦቃን ያገኘሁት ሂርማታ ገበያ ዳር ነው። ዝናብ ደብድቦት እርጥብ ጆንያ ላይ ተኝቶ ነበር። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው ቦቃ አልነው። እናቱ የሰፈር ውሻ መሆኗ አያጠራጥርም። አባቱን ግን ሁሉም ከጆሮው ተነስቶ ይገምታል። ጥርሱን ያየችው የእንስሳት ሐኪም «ሁለት ወር ቢሆነው ነው» አለችኝ።

የመጀመሪያው ወር መከራ ነበር። ጫማ አልተረፈ፣ የእናቴ ነጠላ አልተረፈ። ማታ 12 ሰዓት ሲሆን ግቢውን እንደ እብድ ይዞራል፣ ቁርጭምጭሚት ይነክሳል። እኔ ጉልበቱ የበዛ መስሎኝ ጨዋታውን ጨመርኩለት። ባሰበት። ለካስ ችግሩ እንቅልፍ ነው! በዚህ ዕድሜ ቡችላ በቀን ከ18 እስከ 20 ሰዓት መተኛት አለበት። የእኛ ግቢ ደግሞ እንግዳ አለ፣ ልጅ አለ፣ ባጃጅ ይገባል ይወጣል። ማን ያስተኛዋል? አናጢ ጠርቼ የጣውላ ቤት አሠራሁለት፤ በጓሮ በኩል፣ ጸጥ ያለ ቦታ። አንድ ሰዓት ተጫውቶ ሁለት ሰዓት እንዲተኛ አደረግሁ። በሳምንቱ ሌላ ውሻ ሆነ ብልሽ አላጋነንኩም። ንክሻው ግን ወዲያው አልቆመም። የወተት ጥርሱ በአራት ወሩ መውደቅ ጀምሮ እስከ ስድስት ሰባት ወር ስለሚቆይ፣ የሚያኝከው ነገር መስጠት ነው ያለው አማራጭ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ቦቃ «አይሰማም» ተባለ። እውነት ነው፣ አይሰማም ነበር። ግን እኛ ምን እናሰማው ነበር? እናቴ ስትጠራው «ና!» ትላለች። እኔ ስከለክለው በለመደብኝ ጀርመንኛ «ናይን!» እላለሁ። እስቲ አንቺ ውሻ ሁኚና ለዪያቸው! ዘበኛችን ጋሼ ደግሞ ሲጠራው በኦሮምኛ «ኮቱ» ይለዋል፣ እኔ በጀርመንኛ «ኮም» እለዋለሁ። ይህ ነገር የገባኝ አንድ ቀን «ናይን» ስለው ጫማዬን በአፉ እንደያዘ ጭራውን እየቆላ ወደ እኔ ሲመጣ ነው። የተናደድኩትን ትቼ ሳቅሁ።

ቡና ላይ ተሰብስበን ተመካከርን። ቀኑን ሙሉ አብሮት የሚውለው ጋሼ ስለሆነ ኦሮምኛው አሸነፈ። «ኮቱ» ለና፣ «ታኢ» ለቁጭ በል፣ «ዲሲ» ለተው። ሦስት ቃል ብቻ። አንዴ ይባላል፣ አይደጋገምም። ሲታዘዝ ወዲያው ጥፍር የምታህል የተቀቀለ ሳንባ ይሰጠዋል። እናቴ «እኔ በዚህ ዕድሜዬ በውሻ ልታዘዝ?» ብላ ጥቂት ቀን አኮረፈች። አሁን ከሁላችንም በላይ የሚሰማው እሷን ነው። ሳንባውን አብዝታ ስለምትሰጠው ይመስለኛል።

ሳንባውን ግን ከሉካንዳ እንደመጣ ጥሬውን እንዳትሰጪው። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት ሳንባና ጉበት ውሻውን የኮሶ ትል ዘመድ ያሲዘዋል፣ ከውሻው ደግሞ ወደ ሰው ይመጣል። በደንብ ይቀቀል። ወጥ፣ ሽንኩርት ስላለበት አይሆንም። የጅማ ጣጣ ደግሞ ቡና ነው፦ አተላውም ሆነ ግቢ ውስጥ የተሰጣው ፍሬ ለውሻ መርዝ ነው።

ከጋሼ ጋር የተጋጨነው በማሰር ጉዳይ ነው። «ቀን ካልታሰረ ክፉ አይሆንም» ይላል። እኔ ደግሞ ክፉ አልፈልግም። ሌባ ሲመጣ ቢጮህ ይበቃኛል፤ ማታ ጅብ ሲጮህ እንኳ የሚመልስለት እሱ ነው። አልተግባባንም፤ ግን አይታሰርም።

ጎረቤታችን ሐጂ ለሱብሒ ሲወጡ ቦቃ ሮጦ ይዘልባቸው ነበር። የውሻ ምራቅ የነካውን ልብስ ሳያጥቡ አይሰግዱም፣ እሳቸው በሚከተሉት ሥርዓት ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር። ሰውየው ጨዋ ስለሆኑ ምንም አላሉም፤ እኔ ግን በሃፍረት ሞትኩ። ከዚያ ወዲህ በር ሲከፈት «ታኢ»። ቁጭ ካላለ በሩ አይከፈትም፣ ከዘለለ ሰው ሁሉ ጀርባውን ይሰጠዋል። አንድ ወር ተኩል ፈጀ። ዛሬ ሐጂ ራሳቸው ከሩቅ «ታኢ!» ብለውት ያልፋሉ።

ክትባት አታዘግዪ። የዋናዎቹ በሽታዎች ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ላይ ተጀምሮ እስከ 16 ሳምንት በየጊዜው ይደገማል። የእብድ ውሻ በሽታው ከሦስት ወር ጀምሮ ነው። ክትባቱ እስኪያልቅ መሬት ላይ ከጎዳና ውሾች ጋር አታቀላቅዪው፣ ቤት ዘግተሽም አታስቀምጪው። እኔ ፈረንጅ አራዳ ድረስ አቅፌው እሄድ ነበር፤ ባጃጅ፣ ጃንጥላ፣ አህያ እንዲለምድ። ሰው «ልጅ ነው እንዴ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር፤ ይሳቅ። የማታውቂው ውሻ ከነከሰሽ ደግሞ ቁስሉን በውሃና ሳሙና 15 ደቂቃ እጠቢና በቀጥታ ሐኪም ቤት።

«ተመልሼ ጀርመን ብሄድስ?» ላልሽው፣ ከአሁኑ አስቢበት። ከቆዳው ሥር የሚቀበረው መለያ ቺፕ ከእብድ ውሻ ክትባቱ በፊት ይገባል። ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደም ይወሰድና የአውሮፓ ኅብረት በፈቀደው ላቦራቶሪ ይመረመራል፣ በደሙ ያለው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ (አንቲቦዲ) ቢያንስ 0.5 IU/ml መሆን አለበት። ደሙ ከተወሰደበት ቀን ሦስት ወር ሳይሞላ አይገባም። ቲኬት ቆርጠሽ የምትጀምሪው ነገር አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ ስትመጪ በደረት በኩል የሚታሰር የውሻ ማሰሪያ ብታመጪልኝ? የቦቃ ደረት ዙሪያ 58 ሴንቲ ሜትር ነው። ገና ያድጋል፣ ሰፋ ያለ ይሁን።