አጭር ልብ ወለድ እጽፋለሁ፤ ማን ያርመኝ? የት ላሳትም?

የኮምቦልቻዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ኮምቦልቻ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማታ ማታ አጫጭር ልብ ወለዶች እጽፋለሁ፤ አንድ ደብተር ሞልቶ ሁለተኛው ተጋምሷል። እስካሁን ያነበቡልኝ እህቴና አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናቸው፤ ሁለቱም «በጣም ቆንጆ ነው» ብለው ደብተሩን ከመመለስ ውጪ ያሉኝ ነገር የለም። ድርሰት በትምህርት ይገኛል ወይስ በተሰጥዖ የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው። እኔን የቸገረኝ አዲስ አበባ ሳልሄድ እንዴት እንደምማር ነው። አንድ ማተሚያ ቤት ደውዬ ስጠይቅ ደግሞ ወጪውን የምሸፍነው እኔው እንደሆንኩ ነገሩኝ። ይህ የተለመደ ነው ወይ? የአንዱን ታሪክ መነሻ አስቀምጫለሁ፤ ሳትራሩ ንገሩኝ።

«ፀሐይ ወርቃማ ጨረሯን በምድር ላይ ፈንጥቃ፣ አእዋፍ በዝማሬያቸው ንጋቱን ሲያበስሩ፣ ምስኪኗ እናት ወይዘሮ ዘነበች በጥልቅ ሐዘን ተውጣ፣ ከሀገር ሊሰደድ የተነሣውን አንድ ልጇን ለመሸኘት ወደ መናኸሪያው በዝግታ ታዘግም ነበር።»

አራሚው፦
«ሳትራሩ» ካልሽ እሺ። ዕድሜዬን የፈጀሁት የሰው ረቂቅ በማረም ነው፤ ድሮ በማተሚያ ቤት፣ አሁን በግሌ። ይህችን ፀሐይ በደንብ አውቃታለሁ። የጀማሪ ረቂቅ በመጣልኝ ቁጥር የመጀመሪያው ገጽ ላይ ትወጣለች፤ አእዋፉም አይቀሩም። የአንቺ አይደሉም፤ ካነበብሻቸው መጻሕፍት ተከትለውሽ የመጡ ናቸው። ሰርዣቸው። «ምስኪኗ»ም ትውጣ፤ አንባቢው ሴትዮዋን ሳያያት እዘንላት ብለሽ አታስገድጂው። «በጥልቅ ሐዘን ተውጣ» እንዲሁ።

አሁን የቀረችሽ ልጇን ልትሸኝ ወደ መናኸሪያ የምትሄድ አንዲት ሴት ናት። ሥራው እዚህ ላይ ይጀምራል። በእጇ ምን ይዛለች? በሶ ከሆነ፣ ማን ፈጨላት? ልጁስ «ሻንጣው ሞልቷል» ብሎ ይመልስባታል ወይስ ተቀብሎ መንገድ ላይ ለሰው ይሰጠዋል? «ሊሰደድ የተነሣው» የሚለውን ደግሞ ለምን ገና ከበሩ አወጣሽው? እንዲህ ብታደርጊስ፦ ልጁ ለእናቱ «አዲስ አበባ ሥራ አግኝቻለሁ» ብሏታል። እሷ ስትደርስ የቆመው ግን የባቲ መኪና አጠገብ ነው። የባቲ መንገድ በሚሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በባሕር ወደ የመን እንደሚያደርስ የወሎ እናት ማንም ሳይነግራት ታውቃለች። አንዲት የሐዘን ቃል ሳትጽፊ አንባቢው ይደነግጣል። ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እዚያው ነሽና።

ሁለተኛው ነገር፣ ዓረፍተ ነገርሽ ረዝሟል። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ፣ ማለትም ዋናው ግሥ፣ መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ «ፈንጥቃ፣ ሲያበስሩ፣ ተውጣ፣ ለመሸኘት» እንደ ግመል ቅፍለት እየተከታተሉ ይሄዳሉ፤ አንባቢ «ታዘግም ነበር» ላይ ሲደርስ ማን ምን እንዳደረገ ረስቶታል። መድኃኒቱ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ትንፋሽ ያጠረሽ ቦታ ላይ አራት ነጥብ አድርጊ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ፈልገሽ አድምጪ፤ የሐዲስ ዓለማየሁ ዓረፍተ ነገሮች ረጃጅም ናቸው፣ ነገር ግን ድምፅ ችለው ይሄዳሉ። ለምን እንደቻሉ እርሳስ ይዘሽ መጽሐፉን መመርመር ብዙ የሥልጠና ክፍያ ያስቀርልሻል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ያስተምራል፤ ብትገቢ አልቃወምም፣ ረቂቅሽን የምትሰርዢው ግን ያው አንቺ ነሽ።

የኮምቦልቻዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፀሐይዋን ሰርዤያታለሁ፤ ሌሎቹን ታሪኮች ብገልጥ አራቱ ላይ አገኘኋት! የባቲውን መኪና እወስዳለሁ፣ ይፍቀዱልኝ። ስለ ሕትመቱ ግን አልነገሩኝም።

ከጅዳ፦
እኔ እዚህ ሰው ቤት እየሠራሁ የማነበው በስልኬ ነው፤ በቴሌግራም የሚለቀቁ ተከታታይ ልብ ወለዶችን ሌሊት ሥራ ስጨርስ እከታተላለሁ። እህቴ፣ በዚያ ጀምሪ። የማያውቁሽ ሰዎች ያነቡሻል፤ ሲሰለቻቸው ደግሞ ዝም ብለው ይወጣሉ እንጂ እንደ እህትሽ አያባብሉሽም። አንድ ክፉ ነገር አለው፦ ጽሑፍሽን ስምሽን አጥፍተው በራሳቸው ቻናል ይለጥፉታል። ስለዚህ ሁሉንም አትልቀቂ። ጋሼ አራሚው፣ ከይቅርታ ጋር፣ እኔ ፀሐይዋን እወዳታለሁ። የሀገሬን ንጋት የማየው በዚያ ብቻ ነው። እናቲቱ መኪናው ላይ ትደርስበታለች ወይስ ያመልጣታል?

አራሚው፦
ከጅዳ፣ ላንቺ ስል ፀሐይዋ ትውጣ፣ ነገር ግን የወሎ ፀሐይ ትሁን፤ ሰርዣት ያልኩት በየመጽሐፉ የምትዞረውን ነው።

ወደ ሕትመቱ። አዎ፣ የተለመደ ነው። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ረቂቅ መርጦ በራሱ ወጪ ያሳትም ነበር። ዛሬ እንደዚያ የሚያደርጉ አሳታሚዎች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኛው ደራሲ ከኪሱ ወይም ተበድሮ ያሳትማል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ አንድ ታሪክ ወደ ጋዜጣና መጽሔት ላኪ። «አዲስ አድማስ» ለረጅም ዓመታት አጭር ልብ ወለድና ግጥም ሲያስተናግድ የኖረ ጋዜጣ ነው። መልስ ባይሰጡሽ አትቀየሚ፣ ሌላ ላኪ።

መጽሐፍ ሻጩ፦
አራት ኪሎ መጽሐፍ እሸጣለሁ፤ ጥቂት ልጨምር። ስለ ስርቆት ለተነሣው፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራሽን የሚጠብቀው ከተጻፈበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። ቢሆንም ክርክር ቢመጣ ማስረጃ ስለሚሆን አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ብታስመዘግቢ ይጠቅምሻል። የመጽሐፉን ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር የምታገኚው ከወመዘክር፣ ማለትም ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ነው።

ማተሚያ ቤቶች ቅጂው ሲበዛ የአንዱ ዋጋ ይቀንሳል ይሉሻል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ያልተሸጠው አልጋሽ ሥር ያድራል። ወረቀት ከውጭ ስለሚገባ ዋጋው ከወር ወር ይለያያል፤ የሰጡሽ ዋጋ እስከ መቼ እንደሚጸና በጽሑፍ ተቀበዪ። አከፋፋይ ከሽፋኑ ዋጋ ላይ ትልቅ ድርሻ ይወስዳል፤ በዚህ አትናደጂ፣ ሱቅና ትራንስፖርት የእርሱ ነው። ስታስረክቢ ግን የቅጂውን ብዛትና ሒሳብ የምትተሳሰቡበትን ቀን አስፈርሚ።

ምረቃው ላይ የሚገዙሽ ዘመዶችሽ ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚሸጡልሽ አዟሪዎች ናቸውና ለሁለት ሦስቱ አንድ አንድ ቅጂ በነፃ ስጪያቸው። ያነበቡትን መጽሐፍ ክምሩ አናት ላይ ያደርጉታል።