ከስቱዲዮ ወጥቶ በግል ዮጋ ማስተማር፦ ከየት ይጀመራል?

ጥሞና፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ200 ሰዓት የዮጋ አስተማሪነት ሥልጠና ጨርሼ በአንድ ስቱዲዮ በሳምንት 6 ክላስ አስተምራለሁ፤ ክፍያው በክላስ ቁርጥ ነው። አሁን ራሴን ችዬ መሥራት ፈልጌ ሦስት ነገር ግራ ገብቶኛል። አዳራሽ ተከራይቶ መጀመር ይሻላል ወይስ ቤት ለቤት? ዋጋ እንዴት ይቆረጣል? ዮጋ አሊያንስ ላይ መመዝገብስ ግዴታ ነው? “ልብሽን ተከተዪ” ዓይነቱ ምክር ይቅርብኝ፤ ቁጥር ያለው መልስ ስጡኝ።

ሂሳቡ_ይቅደም፦
እህቴ፣ ከቀላሉ ልጀምር። ዮጋ አሊያንስ የዮጋ አስተማሪዎች መዝገብ እንጂ ፈቃድ ሰጪ አካል አይደለም። የሚጠቅመው ለቅጥር ነው፤ አንዳንድ ስቱዲዮዎች ያለሱ አይቀበሉም። ከተመዘገብሽ በየ3 ዓመቱ 45 ሰዓት ማስተማርሽንና 30 ሰዓት ተጨማሪ ሥልጠና መውሰድሽን ታሳውቂያለሽ። ሰርተፍኬት አሳዪኝ የሚል ተማሪ ግን እምብዛም የለም። የንግድ ፈቃድና ግብር ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን የየአገሩ ሕግ ነው የሚወስነው።

ወደ ዋጋው እንምጣ። የ60 ደቂቃ ክላስ ላንቺ 60 ደቂቃ አይደለም። ለዝግጅት 20፣ ለመንገድ ደርሶ መልስ 50፣ ቀድሞ ገብቶ ክፍሉን ለማሰናዳት 15፣ መጨረሻ ላይ ጥያቄ መልሶ ለመዝጋት 15 ጨምሪበት፤ 2 ሰዓት ከ40 ይሆናል። የሚከፈልሽን ለዚህ አካፍለሽ እዪው።

አዳራሹን ደግሞ በምሳሌ እንይ፤ ገንዘቡ የየትም ይሁን። ኪራይ 800፣ የአንድ ሰው ክፍያ 100። 8 ሰው ኪራዩን ይሸፍናል ትያለሽ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ ቋሚ ተማሪ በነጠላ ዋጋ አይመጣም፣ የ10 ጊዜ ፓኬጅ ነው የሚገዛው። ፓኬጁን በክላስ 80 ሂሳብ ሸጠሽ ግማሹ ተማሪ እሱን ከያዘ አማካዩ 90 ነው፤ ኪራዩን ለመሸፈን 9 ሰው ያስፈልጋል። አሁን ክፍሉን ለኪው። ምንጣፍ 180 በ60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ እጅ ሲዘረጋ ጎረቤት እንዳይነካ ለአንድ ሰው 3 ካሬ ሜትር ያዢ። 35 ካሬ ክፍል፣ ያንቺ ቦታና መተላለፊያው ሲቀነስ፣ 10 ሰው ነው የሚይዘው። ጢም ብሎ ሞልቶ የሚተርፍሽ 100 ነው፤ ያውም ለ2 ሰዓት ከ40። ወይ ኪራዩ ይውረድ፣ ወይ ክፍሉ ይስፋ፣ ወይ ባለቤቱ ከገቢው ድርሻ ለመውሰድ ይስማማ። ሦስቱም ካልሆነ አትፈርሚ።

ቀስ_ብሎ፦
ሂሳቡ ልክ ነው፤ እኔ ግን አዳራሹን ለጊዜው ተዪው ባይ ነኝ። ቤት ለቤት ኪራይ የለውም፤ ጊዜሽን የሚበላው መንገዱ ነው። አንድ ሰፈር ያሉ ሦስት ተማሪዎችን በአንድ ቀን አከታትዪ፤ ራቅ ብሎ ለሚጠራሽ የመንገዱን ሰዓት ዋጋው ላይ ጨምሪ። ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሰረዘ ሙሉ እንደሚቆረጥበት ገና ሳትጀምሩ በጽሑፍ ስጪው፤ በኋላ ሲነገር ጠብ ነው። የፓኬጅ ገንዘብ ቀድሞ ስለሚገባ ያንቺ ይመስላል፤ እስክታስተምሪበት ድረስ ዕዳ ነው። ለብቻው አስቀምጪው፤ ፓኬጁንም የ3 ወር ገደብ አድርጊበት።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ የጤና ቅጹ ነው። የደም ግፊት፣ ግላኮማ (የዓይን ሕመም ነው)፣ እርግዝና፣ የጀርባ ዲስክ ችግር፣ የቅርብ ጊዜ ቀዶ ሕክምና፤ አምስቱን ሳትጠይቂ ምንጣፍ አታዘርጊ። ግላኮማ ያለበት ሰው ጭንቅላቱን ሲደፋ የዓይኑ ግፊት ስለሚጨምር በጭንቅላት መቆም ብቻ ሳይሆን ዳውንዋርድ ዶግም (እጅና እግር መሬት ላይ ሆኖ ዳሌ ወደ ላይ የሚነሣበት) ይቅርበት። ቆሞ እጁን ግድግዳ ላይ አሳርፎ፣ ጭንቅላቱ ከልቡ በታች ሳይወርድ፣ ጀርባውን ይዘርጋ። ነፍሰ ጡርን ከ20ኛው ሳምንት በኋላ በጀርባዋ ብዙ አታስተኛት፤ ሻቫሳናውን (መጨረሻ ላይ ተኝቶ የሚታረፍበትን) በግራ ጎኗ ታድርገው።

ጀማሪ ላይ ቶሎ የሚጎዳው ትከሻ ነው። ቻቱራንጋ (እንደ ፑሽ አፕ ክርን አጥፎ ዝቅ የሚባልበት) ሲወርድ ትከሻው ከክርኑ በታች ካለፈ ጫናው የትከሻው ፊት ላይ ያርፋል። ጉልበቱ መሬት ይንካ፣ ክርኑ ከጎድኑ ይጠጋ፣ ትከሻው ክርኑ ጋ ሲደርስ ይቁም። ሌላው ወደ ፊት ሲታጠፉ ከመቀመጫ አጥንት ሥር የሚሰማው ሕመም ነው። “ደህና ተለጠጥኩ” ብሎ የሚደሰትበት ተማሪ አለ፤ እየተጎዳ ያለው ግን ጅማቱ አጥንቱን የሚይዝበት ቦታ ነው። ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ ይታጠፍ።

ሽቦ_አልባ፦
ኦንላይኑን ማንም አላነሳውም። ነፃው ዙም በ40 ደቂቃ ይቆርጣል፤ ሻቫሳና ላይ እንዳይቆረጥብሽ የሚከፈልበትን ያዢ ወይም ክላሱን 35 ደቂቃ አድርጊው። ካሜራው ከምንጣፉ ጎን፣ በወገብ ቁመት፣ 3 ሜትር ያህል ይራቅ፤ ከፊት ከተቀመጠ የጀርባሽ አቀማመጥ አይታይም። ከካሜራ በፊት ማይክ ግዢ፤ ምስል ቢደበዝዝ ይታገሱሻል፣ ድምፅ ሲጠፋ ግን ጥለው ይወጣሉ። ቀድተሽ በምትለቂው ቪዲዮ ላይ የሰው ዘፈን አትክፈቺ፤ የባለመብት ጥያቄ ያመጣል።

ደግሞ ከስቱዲዮው ጋር የፈረምሽውን ውል አንብቢ፤ ከለቀቅሽ በኋላ በአካባቢው እንዳታስተምሪ የሚከለክል አንቀጽ ሊኖረው ይችላል። የተማሪዎችን ስልክ ከመዝገባቸው ገልብጠሽ እንዳትወጪ።

ጥሞና፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስቱዲዮውን ሳልለቅ ቤት ለቤቱን እጀምራለሁ። በሳምንት ስንት ክላስ ላይ ማቆም አለብኝ?

ቀስ_ብሎ፦
ከ12 እስከ 15። ከዚያ በላይ ይዘው የሚዘልቁት አብረው የሚሠሩት ሳይሆኑ በቃል የሚመሩት ናቸው። ሁሉንም እያሳየ የሚያስተምር ሰው ሰውነቱ ሳይሞቅ ከባዱን ይሠራል፤ ብዙውን ጊዜም በአንድ ጎን ብቻ። አዲስ እንቅስቃሴ ሲሆን ብቻ አሳዪ፤ አንድ ሳምንት በቀኝ፣ ሌላውን በግራ። በቀረው ጊዜ ተነሥተሽ ተማሪውን ዙሪው። እያጎነበስሽም አታውሪ፤ ድምፅሽ ታፍኖ ስለሚቀር ሳታውቂው ትጮኺያለሽ፣ ጉሮሮሽም ቶሎ ይደክማል።