«በጦርነት ነው የፈረሰው» ላላችሁ፦ የትኛው ጦርነት?

ፒያሳ፦ ትናንት ስለ ናኽቺቫን፣ ከዋናው አዘርባጃን ተነጥሎ ስላለው የአዘርባጃን ግዛት፣ ስጽፍ አንዱ «የአርመን ቤተ ክርስቲያን በጦርነት ነው የፈረሰው፣ ጦርነት እንደዛ ነው» ብሎኝ አለፈ። አንጀቴን አሳረረው። እዚያ አብራኩኒስ የምትባል መንደር አለች፣ ዛሬ አዘርባጃን ውስጥ ናት። በ1381 የተመሠረተ ሱርብ ካራፔት የሚባል ገዳም ነበራት (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። የኛው መጥምቁ ዮሐንስ ማለት ነው። አርመንና አዘርባጃን ካራባክ በሚባለው ግዛት የተነሳ የተዋጉት የመጀመሪያው ጦርነት በተኩስ አቁም የቆመው በ1994 ነው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሳተላይት ምስል አገላብጠው ናኽቺቫን ውስጥ 110 የአርመን ገዳም፣ ቤተ ክርስቲያንና መቃብር ለዩ። 108ቱ ጠፍተዋል። የጠፉት ከ1997 እስከ 2011 ነው። እስቲ ጦርነቱን አሳየኝ።

ሰሚት፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አልክድም። ተኩስ ቆመ ማለት ሰላም ወረደ ማለት ነው እንዴ? በካራባክ ምክንያት ከቀዬው የተፈናቀለው አዘርባጃናዊ በመቶ ሺዎች ነው። አርመኖች በያዙት የአዘርባጃን ከተማ አግዳም፣ መስጊድ ውስጥ ከብት ሲታጎር ማን ጮኸ?

ፒያሳ፦ እሱም ነውር ነው። ጮኼ ባላውቅ ዛሬ እጮሃለሁ። ግን «በጦርነት» የምትለዋን ቃል አንሳልኝ። ከባድ መሣሪያ የመታው ቤት ቢያንስ ፍርስራሹ ይቀራል። አብራኩኒስ በ2005 ቦታው ባዶ መሬት ነበር። በኋላ መስጊድ ተሠራበት።

መርካቶ፦ እዚህ ጋ ቆም በል ወንድሜ። ነገሩን የእስላምና የክርስቲያን አታድርገው። ከናኽቺቫን አራክስ ወንዝን ስትሻገር ኢራን ናት። የአርመኖቹ የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም እዚያ ቆሟል፣ በ2008 ዩኔስኮ መዝግቦታል። ይሄ የመንግሥት ሥራ ነው። እኔን እንደ ሙስሊም ምን አገባኝ?

ፒያሳ፦ ልክ ነህ፣ ይቅርታ። መስጊዱን ያነሳሁት ቦታው ምን እንደሆነ ለመናገር ነበር።

ሰሚት፦ የአዘርባጃን መንግሥት አላጠፋሁም ነው የሚለው። ማን አየ?

ዋሽንግተን፦ ናኽቺቫን ውስጥ ያለውን የጁልፋን የአርመን መቃብር ሲያፈርሱ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፣ በቪዲዮ። በ2005 መጨረሻ ከወንዙ ማዶ፣ ከኢራን በኩል የተቀረጸ ነው። ወታደሮች መስቀል የተፈለፈለበትን የመቃብር ድንጋይ በትልቅ መዶሻ ይሰባብራሉ፣ ስብርባሪውን ወደ ወንዙ ይደፋሉ። አንዱ ድንጋይ እምቢ ሲል ደጋግመው ሲመቱት ማየት ያማል። እህት ቤተ ክርስቲያናችን ናት፣ የሰው ነገር አይደለም።

ሰሚት፦ ጁልፋ ሌላ፣ አብራኩኒስ ሌላ። ለአብራኩኒስ ቪዲዮ አላችሁ?

ፒያሳ፦ ፎቶ አለ። አርጋም አይቫዝያን የናኽቺቫን ተወላጅ ነው። በሶቪየት ጊዜ ከ1964 እስከ 1987 እየዞረ የአርመኖቹን ቅርስ አንስቷል። ቆሞ የነበረ ነገር ፎቶው እጃችን ላይ ነው፣ ድንጋዩ ግን የለም። በተኩስ አቁም ዘመን የት ሄደ?

ሰሚት፦ ጦርነት ያመጣው ጥላቻ ነው ያጠፋው። ስለዚህ «በጦርነት» ያልኩት አይነሳም።

ፒያሳ፦ ጥላቻ መዶሻ አይጨብጥም። የጨበጠው ሰው ነው፣ ያዘዘውም ሰው ነው። እሱን ጥራልኝ።

መርካቶ፦ ሰሚት፣ ይቺን ሳትመልስ እንዳትወጣ።