የልጅነት የትክትክ ክትባት አሻራ አዋቂነት ድረስ ለምን ይዘልቃል? እባካችሁ አስረዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የበሽታ መከላከል ሳይንስ የምታውቁ ካላችሁ ድረሱልኝ፤ የመመረቂያ ጽሑፌ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ሦስት ሳምንት ሆነው።

የትክትክ ክትባት ሁለት ዓይነት ነው። የቀድሞው የተገደለውን ባክቴሪያ ሙሉውን ይይዛል። አዲሱ የተጣሩ ጥቂት ፕሮቲኖችን ከአሉሚኒየም ጨው ጋር ይይዛል፤ ትኩሳትና እብጠት ስለሚቀንስ ብዙ ሀብታም አገሮች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ወደ እሱ ዞረዋል። እስከዚህ ገብቶኛል።

ግራ ያጋባኝ ቀጥሎ ያለው ነው። በሕፃንነታቸው የቀድሞውን የወሰዱ ሰዎች አዋቂ ሆነው በአዲሱ ዓይነት ማጠናከሪያ ሲከተቡ ቲ ሴሎቻቸው (የሰውነትን መከላከያ የሚመሩት ነጭ የደም ሴሎች) ወደ ቲኤች1 እና ቲኤች17 ያዘነብላሉ፤ እነዚህ እንዲህ ያለውን ባክቴሪያ ለማጥፋት የሚረዱ የቲ ሴል ዓይነቶች ናቸው። ከልጅነታቸው አዲሱን ብቻ የወሰዱት ግን ወደ ቲኤች2፣ ማለትም በአብዛኛው ከአለርጂና ከትላትል መከላከል ጋር ወደሚያያዘው ዓይነት፣ ያደላሉ፤ አይጂጂ4 የተባለው፣ ባክቴሪያን በማስወገድ ደካማ የሆነው ፀረ እንግዳ አካልም በእነሱ ይበዛል። ማጠናከሪያው አንድ ሆኖ ምላሹ ሁለት!

ታዲያ የመጀመሪያው መርፌ የማስታወሻ ሴሎችን (ተህዋሲውን ለዓመታት የሚያስታውሱትን የመከላከያ ሴሎች) ጠባይ ለዘለቄታው ይወስናል ማለት ነው? ወይስ ልዩነቱ የዕድሜ ነው? የቀድሞውን የወሰዱት በዕድሜ ይበልጣሉ፤ ሳያውቁት ከባክቴሪያው ጋር የተገናኙበት ዕድልም ሰፊ ነው። ሁለቱን ምክንያቶች እንዴት ልለያቸው?

ነገሩ የጽሑፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዝንጀሮዎች ላይ በተደረገ ሙከራ አዲሱ ክትባት ከሕመሙ ቢጠብቅም ባክቴሪያው እንዳይሰፍርና እንዳይተላለፍ አላገደም። ገና ያልተከተበ ጨቅላ በትክትክ ሲታፈን ማሰቡ ያስጨንቀኛል። ተደጋጋሚ ማጠናከሪያ ያን የቲኤች2 ዝንባሌ ሊቀይረው ይችል እንደሆነ የምታውቁ፣ እባካችሁ በቀላል ቋንቋ ንገሩኝ።